ለየዕድሜው የሚስማማ የዶሮ መኖ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዶሮ ርባታ ከሚጠይቀው ወጪ ከግማሽ በላዩን የሚወስደው መኖ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ100 ብር ውስጥ 60ውን ወይም 70ውን ይበላል። ስለዚህ አርቢው ሁሉ መኖ ላይ መቆጠቡ አይገርምም። የሚያሳዝነኝ የሚቆጠብበት ቦታ ነው። ጫጩት ላይ ተቆጥቦ ዶሮዋ ካደገች በኋላ ሲደጎም አያለሁ፤ ያን ጊዜ ግን የቀረውን መሙላት አይቻልም። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ከጎረቤት፣ ከዘመድና አዲስ ከጀመሩ አርቢዎች ሳይቋረጡ የሚቀርቡልኝ ናቸው።

ሁሉም ዶሮ አይደለም እንዴ? አንድ መኖ ለሁሉም ዕድሜ ቢሰጥ ምን ችግር አለው?

ጫጩት፣ ቄብና እንቁላል ጣይ ዶሮ በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ ሰውነታቸው የያዘው ሥራ ለየቅል ነው። ጫጩት ከምንም ተነስታ ሥጋ፣ አጥንትና ላባ ትሠራለች። ለዚህ ከሁሉም በላይ ፕሮቲን ያስፈልጋታል። ቄብ ደግሞ ቁመናዋን ታደላድላለች፤ ቀስ ብላ እንድታድግ እንጂ እንድትወፍር አይፈለግም። እንቁላል የጀመረችው ዶሮ በእያንዳንዱ እንቁላል ቅርፊት 2 ግራም ያህል ካልሲየም ከሰውነቷ ታወጣለች። በዓመት 300 እንቁላል ለሚጥሉት ዝርያዎች ይህ ከግማሽ ኪሎ በላይ ካልሲየም ማለት ነው፤ ዶሮዋ ራሷ ሁለት ኪሎ የማትሞላ ሆና ሳለ።

ለእንቁላል ዝርያዎች፣ ለምሳሌ ለቦቫንስ ብራውንና ለሎማን ብራውን፣ ልኩ በግርድፉ ይህን ይመስላል፦

ከ1 ቀን እስከ 8 ሳምንት፦ የጫጩት መኖ፣ ፕሮቲን ከ18 እስከ 20 በመቶ፣ ካልሲየም 1 በመቶ ገደማ።
ከ8 እስከ 18 ሳምንት፦ የቄብ መኖ፣ ፕሮቲን 15 ወይም 16 በመቶ፣ ካልሲየም እንደ ጫጩቱ 1 በመቶ ገደማ።
መጣል ከጀመረች በኋላ፦ የእንቁላል ጣይ መኖ፣ ፕሮቲን 16 ወይም 17 በመቶ፣ ካልሲየም ከ3.5 እስከ 4 በመቶ።

የመጨረሻውን መስመር ደግመው ይመልከቱት። በቄብና በእንቁላል ጣይ መኖ መካከል የፕሮቲኑ ልዩነት ጥቂት ነው፤ ካልሲየሙ ግን ከሦስት እጥፍ በላይ ያድጋል። ከታች የማነሳቸው ስሕተቶች አብዛኞቹ ይህን ካለማስተዋል የሚመጡ ናቸው።

ጫጩቶቹ ዛሬ ይመጣሉ። መጀመሪያ ምን ልስጣቸው?

ውኃ። ሌሊቱን በመኪና ተጉዘው የመጡ ከሆነ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት በውኃው ውስጥ ትንሽ ስኳር ቢሟሟበት ያበረታቸዋል። ከዚያ የጫጩት መኖውን በመመገቢያው ብቻ ሳይሆን በንጹሕ ወረቀት ላይም በትኑላቸው፤ ሲራመዱ የሚሰሙት ድምፅ እንዲለቅሙ ይጋብዛቸዋል። ማቆያው አስቀድሞ መሞቅ አለበት፤ በመጀመሪያው ሳምንት በጫጩቶቹ ቁመት ልክ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያስፈልጋል። የበረዳት ጫጩት ምን ዓይነት መኖ ቢቀርብላት ተኮራምታ ትቆማለች እንጂ አትበላም። ብዙ ጊዜ መኖው መጥፎ ነው ተብሎ የሚታማው ቤቱ ቀዝቅዞ ነው።

በማግስቱ ጠዋት የተወሰኑትን ይዛችሁ አንገታቸው ሥር ያለችውን የመኖ ከረጢት በጣታችሁ ዳስሱ። ሞልታ ለስለስ ካለች በልታለች፣ ጠጥታለችም። ደረቅ ከሆነች ውኃ አላገኘችም። ባዶ ከሆነች ደግሞ ሙቀቱን፣ ብርሃኑንና የመመገቢያውን ቦታ ፈትሹ።

ከጫጩት መኖ ወደ ቄብ መኖ የምቀይረው በዕድሜ ነው ወይስ በክብደት?

የቀን መቁጠሪያው 8 ሳምንት ይላል፤ እኔ ግን ሚዛኑን አምናለሁ። ከ100 ዶሮ ቢያንስ 10ሩን ከየማዕዘኑ ያዙና መዝኑ። ቡናማ የእንቁላል ዝርያዎች በዚህ ዕድሜ ከ600 እስከ 700 ግራም ሊመዝኑ ይገባል። ካልደረሱ የጫጩት መኖውን አንድ ወይም ሁለት ሳምንት አራዝሙላቸው። በመኖ ዋጋ ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ አንድ ጫጩት እስከ 8 ሳምንት የምትበላው ተደምሮ 2 ኪሎ እንኳ አይሞላም። እዚህ ላይ የሚተርፈው ገንዘብ እንቁላል ሲያንስና ሲዘገይ እጥፍ ሆኖ ይመለሳል።

መቀየሩ በአንድ ቀን አይሁን። መጀመሪያ ሦስት እጅ አሮጌውን ከአንድ እጅ አዲሱ ጋር፣ ከሁለት ቀን በኋላ እኩል በእኩል፣ ከዚያ ሦስት እጅ አዲሱን እያደረጋችሁ በአንድ ሳምንት ውስጥ ጨርሱት። በድንገት የተቀየረባትን ዶሮ ያስቀምጣታል ወይም ትጾማለች።

የ45 ቀን ጫጩት ገዛሁ። የትኛውን መኖ ልስጥ?

በየከተማው ለየቤቱ የሚሸጡት ሳሶና መሰል ጫጩቶች አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ዕድሜ ነው የሚመጡት። 45 ቀን ማለት ስድስት ሳምንት ተኩል ስለሆነ የጫጩት መኖ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ተኩል ይገባቸዋል። ሻጩን ሲበሉ የነበረው ምን እንደሆነ ጠይቁና ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ያንኑ ቀጥሉ። ቦታ መቀየሩ ራሱ ያስደነግጣቸዋልና መኖም አብሮ አይቀየርባቸው። ከመጡበት ቀን ጀምሮ ስንዴ ብቻ ወይም ፉርሽካ ብቻ ስለሚሰጣቸው ነው ብዙዎቹ ባሉበት ቁመት ቆመው የሚቀሩት።

ቄቦቹ ቶሎ እንዲጥሉ የእንቁላል ጣይ መኖ አስቀድሜ ብሰጣቸውስ?

አይሆንም። ይህን በራሴ ጥፋት ነው የተማርኩት። በመጀመሪያው ዙር ዶሮዎቼ የቄብ መኖ ከገበያ ሲጠፋ፣ ነጋዴው ያው ነው ስላለኝ፣ በ11ኛው ሳምንት የእንቁላል ጣይ መኖ አስገባሁላቸው። ሲያዩአቸው ጤነኞች ነበሩ። ቢያንስ ለእኔ ዓይን። እርጥብ ኩስ በዛ፤ ጉዝጓዙ ቶሎ ቶሎ ይበሰብስ ጀመር። እኔም ውኃ ስለሚያፈሱ ነው አልኩ። እንቁላል በጀመሩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ግን አንድ አንድ እያሉ መሞት ያዙ። የሞተችውን የእንስሳት ሐኪሙ ሲከፍታት አንደኛው ኩላሊቷ ተኮማትሮ፣ ሌላኛው አብጦ፣ ነጭ ኖራ የመሰለ ነገር ልቧንና ጉበቷን ሸፍኖት አየሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማትጥል ዶሮ ካልሲየሙን የምታወጣበት ቅርፊት የላትም። ትርፉን ማጣራት ያለበት ኩላሊቷ ነው፤ ለጋ ኩላሊት ደግሞ ይህን ለሳምንታት አይችልም። ተጎድቶም ወዲያው አይገድልም፤ ጉዳቱ የሚገለጠው እንቁላል መጣል ሲጀምር፣ ሰውነቷ ከፍተኛ ሥራ ሲገባ ነው። ለዚህ ነው አርቢው ምክንያቱን ከመኖው ጋር የማያገናኘው።

መጣልንም ቢሆን አያፋጥነውም። ዶሮን እንድትጥል የሚያነሳሳት ዕድሜዋ፣ ክብደቷና የምታገኘው ብርሃን ነው። የቄብ መኖ ከጠፋ የጫጩት መኖውን መቀጠል ይሻላል፤ ወይም ለ100 ኪሎ የጫጩት መኖ 20 ኪሎ ያህል የተፈጨ በቆሎና ፉርሽካ ጨምራችሁ አቅሉት። ውድ ቢሆንም ኩላሊት አይገድልም።

ታዲያ የእንቁላል ጣይ መኖ በትክክል መቼ ይጀመር?

ለቡናማዎቹ ዝርያዎች በ18 ሳምንት አካባቢ፣ ክብደታቸው ወደ 1.5 ኪሎ ሲጠጋ። ምልክቱን ዶሮዋ ራሷ ትሰጣለች፦ አናቷ ላይ ያለው ሥጋ ይቀላል፣ ሰው ሲጠጋት ክንፏን ዘርጋ አድርጋ ቁጢጥ ትላለች፣ ጎጆ ጎጆውን ትፈትሻለች። ከመቶዎቹ ጥቂቶቹ ይህን ማሳየት ሲጀምሩ ወይም የመጀመሪያዋ እንቁላል ስትታይ በሳምንት ውስጥ ሁሉንም አሻግሩ። አቅሙ ያላቸው ከመጣል በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት 2 በመቶ ገደማ ካልሲየም ያለው መሸጋገሪያ መኖ ይሰጣሉ፤ ቄቧ በአጥንቷ ውስጥ የካልሲየም ስንቅ የምትይዝበት ጊዜ ነውና ጥሩ ነው። ግዴታ ግን አይደለም።

ማዘግየቱም ጉዳት አለው። መጣል ጀምራ የቄብ መኖ ላይ የቀረች ዶሮ ቅርፊቱን የምትሠራው ከገዛ አጥንቷ አውጥታ ነው። ቅርፊቱ ይሳሳል፤ ቀጥሎ እግሯ ይዝላል።

አንዲት ዶሮ በቀን ስንት ትበላለች? ስንት ኩንታል ልግዛ?

በመጀመሪያው ሳምንት ጫጩቷ በቀን ከ10 እስከ 13 ግራም ትበላለች። በ4ኛው ሳምንት 30 ግራም ገደማ፣ በ8ኛው 50፣ በ16ኛው ከ75 እስከ 80 ይደርሳል። የምትጥል ዶሮ ከ110 እስከ 120 ግራም ትበላለች። አንዲት ቄብ እስከ 18 ሳምንት በድምሩ 6 ኪሎ ተኩል ያህል ትጨርሳለች። በዚህ ስሌት አንድ ኩንታል መኖ ለ100 የሚጥሉ ዶሮዎች ከ8 እስከ 9 ቀን ይበቃል። ከዚህ በፍጥነት ካለቀባችሁ መመገቢያውን እዩ፤ ከአፉ እስኪፈስ የሚሞላ መመገቢያ ብዙ መኖ ጉዝጓዝ ላይ ይበትናል። ከግማሹ በላይ አትሙሉት፣ ከንፈሩም በዶሮዋ ጀርባ ቁመት ልክ ይንጠልጠል።

ውኃ ከመኖው ክብደት እጥፍ ያህል ይጠጣሉ፤ እንደ አዋሽና ድሬዳዋ ባሉ ሞቃት ቦታዎች ከዚያም ይበልጣል። ውኃ የተቋረጠባት ዶሮ መኖ አትበላም።

የሥጋ ዶሮ መኖ ለእንቁላል ጫጩት ይሆናል?

ችግር ላይ ላለ ሰው ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ይሆናል፤ ከዚያ ያወፍራታል። ተቃራኒው ግን ፈጽሞ አያዋጣም። እንደ ኮብ 500 ያለ የሥጋ ዶሮ በመጀመሪያዎቹ ቀናት 22 ወይም 23 በመቶ፣ ከዚያ 20፣ በማብቂያው 18 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ይፈልጋል፤ በስድስት ሳምንት ውስጥም ከ4 ኪሎ በላይ መኖ በልቶ ለገበያ ይደርሳል። በእንቁላል ጫጩት መኖ ካሳደጋችሁት ጊዜው ይረዝማል፣ ትርፉም በዚያ ጊዜ ውስጥ ይበላል።

የሐበሻ ዶሮዎቼስ? እነሱም የተገዛ መኖ ያስፈልጋቸዋል?

ጭረው የሚያድሩ ዶሮዎች ትል፣ ቅጠልና የወደቀ እህል ራሳቸው ያገኛሉ። ማታ ሲመለሱ ለእያንዳንዷ አንድ እፍኝ ያህል እህል ከጥቂት ኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ተጨምቆ የቀረው) ጋር ቢሰጥ ይበቃል። ልዩነቱ ጫጩቶቹ ላይ ነው። እናቲቱ ይዛቸው ስትዞር ጭልፊት ይወስዳል፣ ሸለምጥማጥ ይወስዳል፣ ረኀብም ይወስዳል። ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ጫጩቶቹ ብቻ የሚገቡበት ቦታ ብታዘጋጁ ብዙዎቹ ይተርፋሉ፦ እንጨት ለእንጨት አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል አራርቃችሁ ከርብራብ አጥር ሥሩና የጫጩት መኖውን ውስጡ አኑሩት። ጫጩት ትሾልካለች፤ እናቲቱ ውጭ ትቀራለች።

ይኸው ርብራብ ጫጩት፣ ቄብና ጣይ ዶሮ ባንድ ግቢ ላላቸውም መፍትሔ ነው። መለየት ጨርሶ ካልተቻለ ለሁሉም የቄብ መኖ ስጡና የተሰባበረ የኖራ ድንጋይ ለብቻው በዕቃ አስቀምጡ። የምትጥለዋ ፈልጋ ትበላለች፤ የማትጥለዋ ብዙም አትነካውም። አውራ ዶሮም ከእንቁላል ጣይ መኖ የሚጠቀመው ነገር ስለሌለ ይኸው ይበቃዋል።

መኖ በቤቴ ማዘጋጀት እችላለሁ?

ለጣይ ዶሮ አዎ። ለጫጩት አልመክርም፤ የጫጩት ሆድ ስሕተት አይችልም፣ የምትበላውም ጥቂት ስለሆነ ገዝቶ መስጠት ይሻላል።

ለ100 ኪሎ የእንቁላል ጣይ መኖ የምጠቀምበት ድብልቅ ይህ ነው፦ በቆሎ 56 ኪሎ፣ ፉርሽኬሎ (ስንዴ ሲፈጭ የሚተርፈው ደቃቅ) 3፣ ኑግ ፋጉሎ 8፣ የአኩሪ አተር ፋጉሎ 12፣ ተቆልቶ የተፈጨ አኩሪ አተር 10፣ የኖራ ድንጋይ 8 ኪሎ ተኩል፣ የአጥንት ዱቄት 1 ኪሎ ተኩል፣ ጨው 350 ግራም፣ ሜቲዮኒን (ከፕሮቲን መሥሪያ አሚኖ አሲዶች አንዱ) 150 ግራም፣ ፕሪሚክስ (የቫይታሚንና የማዕድን ቅይጥ) ግማሽ ኪሎ። ሲሰላ ፕሮቲኑ 16.5 በመቶ፣ ካልሲየሙ 3.5 በመቶ አካባቢ ይመጣል። የፕሪሚክሱ መጠን እንደ አምራቹ ስለሚለያይ ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ተከተሉ። እንደ ጨውና ፕሪሚክስ ያሉትን ጥቃቅኖች መጀመሪያ ከአንድ ሁለት ኪሎ የበቆሎ ዱቄት ጋር አሽታችሁ ከዚያ ወደ ትልቁ ክምር ጨምሩ፤ አለዚያ አንዷ ዶሮ ጨው ብቻ ታገኛለች።

ስለ አኩሪ አተር አጥብቄ የምለው አለ። ጥሬውን ፈጭታችሁ እንዳትጨምሩ። በጥሬ አኩሪ አተር ውስጥ ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር አለ፤ ዶሮዋ በልታ እንዳልበላች ትሆናለች፣ ቆሽቷም ያብጣል። እስኪሸትና ወርቃማ እስኪሆን መቆላት አለበት፤ ካረረ ደግሞ ጥቅሙ ይጠፋል። የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ርካሽ ነው ብላችሁም አትግቡበት፤ እንቁላሉ ሲቀመጥ አስኳሉን ያጠቁረዋል።

አስኳሉ ገረጣ የሚሉ ገዢዎችም አሉ። በአገራችን የሚበዛው በቆሎ ነጭ ስለሆነ ነው። አልፋልፋ፣ ጎመን ወይም የሽፈራው ቅጠል በየቀኑ ጣል ብታደርጉላቸው ከሁለት ሳምንት በኋላ ቢጫው ይመለሳል።

ድርቆሽና አተላስ?

ድርቆሽ፣ ማለትም የደረቀ እንጀራ፣ ኃይል ይሰጣል፤ ፕሮቲኑ ግን ለጣይ ዶሮ አይበቃም፣ ካልሲየሙም የለም። ከመኖው ከአሥር እጅ ከአንድ እስካልበለጠ ድረስ አይጎዳም። የሻገተውን ግን እሳት ውስጥ ክተቱት። ወጥ የነካው ትራፊ ጨውና ቅባት አለበት፤ ለጫጩት በጭራሽ አይሰጥም። የጠላ አተላ ትኩሱን፣ ጥቂቱን፣ ለአዋቂ ዶሮ ብቻ፤ ሲያድር ይኮመጥጣልና የተረፈውን በዚያው ቀን አንሱት።

የእንቁላል ቅርፊት መልሶ ማብላት ይቻላል?

ይቻላል። ታጥቦ፣ በምጣድ ደርቆ፣ በደንብ ደቆ ይሁን። ቅርጹን እንደያዘ ከሰጣችሁ እንቁላል መስበር ይለምዳሉ። ቅርፊት በአብዛኛው የሚሠራው ሌሊት ስለሆነ ቅርፊቱንም ሆነ ተጨማሪውን የኖራ ድንጋይ ወደ ማታ መስጠት ይጠቅማል።

መኖው ጥሩ መሆኑን በምን ልወቅ?

እጃችሁን ከጆንያው መሐል ድረስ አስገቡ። ሙቀት ከተሰማችሁ፣ ከተጓጎለ ወይም የምድር ቤት ሽታ ከሸተተ መልሱት። ኑግ ፋጉሎና እርጥበት ያገኘው በቆሎ አፍላቶክሲን የሚባለውን የሻጋታ መርዝ ሊይዙ ይችላሉ፤ በአዲስ አበባ ዙሪያ የወተት ላሞች መኖ ሲመረመር ኑግ ፋጉሎ ዋነኛው ተጠያቂ ሆኖ ተገኝቷል። መርዙ ጉበት ይጎዳል፣ ጫጩትን ከአዋቂዋ ይልቅ ያጠቃል፣ በወንፊት ብትነፉትም አይወጣም። ጆንያውን በርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ አርቃችሁ አስቀምጡ፤ የተፈጨ መኖ ከአንድ ወር በላይ የሚበቃ አትግዙ።

በጾም እንቁላል ሲረክስ መኖ ብቀንስስ?

በዐቢይ ጾም 55 ቀን ውስጥ የአርቢው ጭንቀት ይገባኛል፤ የመኖው ዋጋ አይጾምም። ሆኖም መኖ የተቀነሰባት ዶሮ መጣሏን ትቀንሳለች፣ አንዳንዷም ላባዋን ጥላ ታቆማለች። ተመልሳ ለመጀመር ሳምንታት ይፈጅባታል። ገበያው ለፋሲካ ሲነሳ እናንተ ባዶ ትሆናላችሁ። ከመኖው ከመቀነስ ከዶሮዎቹ መቀነስ ይበጃል፦ ያረጁትንና መጣል ያቆሙትን ከቅበላ በፊት ሽጡ። የቀሩትን በልካቸው መግቡ። በጾሙ የመጨረሻ ሳምንታት የሚጥሉትን ደግሞ በቀዝቃዛና ጥላ ቦታ አቆዩት፤ ሁለት ሳምንት ያለ ችግር ይቆያል።

የጫጩት መኖው መድኃኒት አለበት ተብሏል። ምን ልጠንቀቅ?

ብዙ የጫጩት መኖ ኮክሲዲዮሲስ የሚባለውን ደም የሚያስቀምጥ በሽታ የሚከላከል መድኃኒት ይጨመርበታል። ለጫጩት ጥሩ ነው። ለምትጥል ዶሮ ግን አትስጡት፤ ወደ እንቁላሉ ይሻገራል። ለሥጋ የሚታረደውም ከመታረዱ በፊት ምን ያህል ቀን መድኃኒት ከሌለው መኖ ላይ መቆየት እንዳለበት ከረጢቱ ላይ ይጻፋል፤ ካልተጻፈ ሻጩን ጠይቁ። እንደ ሞነንሲንና ሳሊኖማይሲን ያሉት መድኃኒቶች ደግሞ ፈረስና አህያን በጥቂቱ እንኳ ይገድላሉ። መኖውን በአህያ ጭናችሁ የምታመጡ ከሆነ ስታራግፉ ጆንያውን ከአጠገቧ አርቁ፣ የፈሰሰውንም ጠርጋችሁ አንሱ።